በትምህርት ቤታችን ግቢ የተቆፈረው ጉድጓድ

በእኛ ከተማ ሰው አይቶ ሳይጨርስ ሲፈርድ የሚጠቀስ አንድ አባባል አለ። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ይናገሩታል፤ ገበያ ላይም ይሰማል። የዛሬ ልጆች ከጥንት የመጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። አባባሉ የተወለደው እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ በትምህርት ቤታችን ግቢ ነው። ስለዚያ ጠዋት ሳወራ የራሴንም ጥፋት ማውራቴ አይቀርም። ግድ የለም፣ ይነገር።

የሳይንስ አስተማሪያችን እትዬ አስካለ ይባሉ ነበር። ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ እሳቸው ግን "ከዚህ ግቢ የበለጠ ምን ቤተ ሙከራ አለ?" እያሉ ያወጡናል። ስለ ቀላል ማሽኖች ስንማር ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ገለጥን ለማለት አያስደፍርም። አጣና በድንጋይ ላይ አስደግፈን ሦስት ጎረምሳ ያልነቀነቀውን ጉቶ ፈነቀልን። በሳንቃ ተዳፋት ላይ የእህል ጆንያ ገፋን። በሽብልቅ ግንድ ፈለጥን። ከእንጨት መዘውር ሠርተን፣ ገመድ አሳልፈንበት፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ዛፍ ላይ ሰቀልን። ማታ ቤት ስንገባ መዳፋችን ተልጦ እናቶቻችን ይቆጡ ነበር፤ እኛ ግን ጠዋት እየሮጥን እንሄዳለን።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ እትዬ አስካለ እንዲህ አሉን፦

"እነዚህ ቀላል ማሽኖች ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሥራ ሲሠሩ ጥምር ማሽን ይባላሉ። በየቤታችሁ አይጠፋም። እያንዳንዳችሁ አንድ ፈልጋችሁ ሰኞ አምጡ፤ በውስጡ የትኞቹ ቀላል ማሽኖች እንዳሉ እየነካካችሁ ታሳያላችሁ። ከአውራጃ ትምህርት ቢሮ እንግዳ ይመጣል። እሱ የመረጠው ልጅ በአውራጃው ኤግዚቢሽን ትምህርት ቤታችንን ወክሎ ይቀርባል።"

እኔ ወዲያው ሳቅሁ። አባቴ ብስክሌት ነበረው። በከተማው ከነበሩት አራት ብስክሌቶች አንዱ የእኛ ነበር። "እኔ ባንቴ አሸነፍኩ በሉ" አልኳቸው ለጓደኞቼ።

እትዬ አስካለ ምን እንደምናመጣ አንድ በአንድ ሲጠይቁን ኋላ ወንበር የምትቀመጠው ትርፌ ተነሳች። ዝምተኛ ልጅ ናት። መዘውር የሠራን ቀን ተጠይቃ "አላውቅም" ብላ የተቀመጠች ናት።

"አንቺስ ትርፌ?"

"እኛ ቤት ምንም የለም።"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀረች። ዓርብም አልመጣችም።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ ቤቷን አፈላልገው ሄዱ። እዚያ የሆነውን ኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። በሩ ክፍት ነበር። ውስጥ አንድ ሰው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ፣ ጋቢ ይሸምናል። የትርፌ አባት አቶ ንዳው ነበሩ። ትርፌ ማዕዘን ላይ ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች። መምህርቷን ስታይ ክሩን ከጀርባዋ ደበቀች።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አሉ አቶ ንዳው። "ምነው፣ ልጄ አጠፋች?"

"የለም፤ ስትቀርብኝ ጊዜ አሟት ይሆን ብዬ ነው። እርስዎ አባቷ ነዎት? በመዝገቡ ላይ አባቷ ነጋዴ ነው ስለሚል..."

እትዬ አስካለ ንግግራቸውን አልጨረሱትም። የትርፌ ፊት ሲለወጥ አዩ። የአቶ ንዳው እጅ መወርወሪያውን እንደያዘ ቆመ። በከተማችን ያን ጊዜ ሸማኔ የሠራውን ለብሶ ሸማኔውን መናቅ ነውር አልነበረም፤ ልጅቷ ለምን እንደዋሸች ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም ነበር። አቶ ንዳው ወደ ልጃቸው አልዞሩም።

"አዎ፣ ነጋዴ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ጋቢ እሸጣለሁ። ልጄ እውነቷን ነው።"

ትርፌ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ አስካለ ወሬ ለመለወጥ ያህል ወደ ሽመናው ጎንበስ አሉ። አቶ ንዳው በግራ እግራቸው ሲረግጡ ከድሩ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከል በተከፈተው መንገድ መወርወሪያው ሽው ብሎ ያልፋል። በቀኝ ሲረግጡ የወረደው ይነሳል።

"ይሄ ደግሞ እንዴት ነው በአንድ እግር አንዱ ወርዶ ሌላው የሚወጣው?" አሉ፤ እውነትም አልገባቸውም ነበር።

የመለሰችው ትርፌ ናት፤ ከነጠላዋ ስር።

"ከላይ መዘውር አለ። ድሩን የሚያነሱት ሁለቱ እንጨቶች የተንጠለጠሉት በአንድ ገመድ ነው። ይሄኛው ወደ ታች ሲጎተት ገመዱ በመዘውሩ ላይ ይዞርና ያኛውን ይስበዋል። እንደ ባልዲያችን።"

"ታዲያ ክፍል ውስጥ ስጠይቅሽ አላውቅም አላልሽም?"

"ከየት አወቅሽ ቢሉኝስ?"

እትዬ አስካለ ከተጎነበሱበት ቀና አሉ። ከዚያ "ሰኞ ይህን ብታሳዩልኝ" ብለው አባትየውን ለመኑ። አቶ ንዳው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሽመናው ያለ ጉድጓድ አይሆንም፤ ጉድጓድ ደግሞ ተሸክመውት አይሄዱ" አሉ። ቆይተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ጉድጓዱን እኔ እቆፍር ነበር። መናገሩ ግን ያንቺ ነው። ካልወደድሽው እዚሁ እንቀራለን፤ እኔ አልቀየምሽም።"

ትርፌ የደበቀችውን ክር አውጥታ ማጠንጠኗን ቀጠለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ዶማ ይዛ በቤታቸው በር ላይ አባቷን የጠበቀችው እሷ ራሷ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት ብስክሌቴን እየገፋሁ ግቢ ስገባ ልጆች ዋርካው ስር ተሰብስበዋል። ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ባላዎች ተተክለዋል፣ ድሩ ተዘርግቷል፤ አቶ ንዳው ተቀምጠው ይሸምናሉ። ትርፌ አጠገባቸው ቆማለች። ብስክሌቴን የሚያይልኝ አንድ ሰው ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው፤ ሸማኔ የሚሰደብበት ስድብ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

"ቁጢት በጣሽ!"

ልጆቹ ሳቁ። ትርፌ አንገቷን ደፋች። አቶ ንዳው መስማታቸውን ያወቅሁት እጃቸው አንድ ጊዜ ስለተሰናከለ ነው። ከዚያ "ትርፌ፣ ማግ አቀብዪኝ" አሉ፤ አቀበለቻቸው፤ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እንግዳው አቶ ልሳኑ አርፍደው መጡ። ሌላ ሁለት ትምህርት ቤት ስለሚቀራቸው መኪናቸው በር ላይ ሞተሯን ሳታጠፋ ቆመች። መቀስ አዩ፣ የሥጋ መፍጫ አዩ፣ ብስክሌቴን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ዋርካው ስር ሲደርሱ እርምጃቸውን እንኳ አልገቱም።

"ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ እትዬ አስካለ። እኛ የጠየቅነው ማሽን ነው። የማየው የአንድ ሰው እጅ ወዲያና ወዲህ ሲወረውር ነው።"

"ትንሽ ቆም ብለው ቢያዩት..."

"አየሁት እኮ። ይሄን መወርወር ማንን ያቅተዋል?" ወደ አቶ ንዳው ዞሩ። "እስቲ ተነሳ አንተ ሰውዬ፤ ላሳያቸው።"

አቶ ንዳው ተነሱ፤ ቦታውንም በእጃቸው ጠረግ አደረጉላቸው። አቶ ልሳኑ ጫማቸውንና ሱሪያቸውን አፈር እንዳይነካቸው እግራቸውን አጥፈው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። መወርወሪያውን ተቀብለው ወረወሩ። ድሩ ውስጥ ተወትፎ ቀረ። አወጡት፤ ደግመው ወረወሩ፤ ሁለት ክር በጠሰ። ሦስተኛው እጃቸውን መትቷቸው መሬት ወደቀ። ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የእንግዳው ፊት ቀላ።

ያን ጊዜ ትርፌ ወደ ጉድጓዱ ዘላ ገባች። ከሚሸመነው ጋቢ ስር ተጎንብሳ መርገጫውን በሁለት እጇ ያዘች። ድምፅዋ ከታች ይሰማል።

"ጌታዬ፣ አሁን ይወርውሩ!"

መርገጫውን ስትጫነው ድሩ እንደ በር ተከፈተ። አቶ ልሳኑ ወረወሩ፤ መወርወሪያው ሽው ብሎ ወዲያኛው ጫፍ ደረሰ። ሌላውን ተጫነች፤ ተመለሰ። ሰውየው መወርወሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ወደ ታች ተመለከቱ።

"እዚያ ታች ምን አለ?"

"መፈንቀያ አለ" አለች ትርፌ፣ አፈር በአፈር ሆና ብቅ ብላ። "ሁለቱም መርገጫዎች መፈንቀያ ናቸው። ከላይ መዘውር አለ። የተሸመነው የሚጠቀለልበት ግንድ እጀታው ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ እንደ ውሃ ጉድጓድ መጎተቻ። መወርወሪያው ደግሞ ጫፉ ሽብልቅ ነው፤ ድሩን ሳይበጥስ ገፍቶ ያልፋል።" ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። "የሚሸምነው አባቴ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው።"

በር ላይ የመኪናው ጡሩምባ ጮኸ። አቶ ልሳኑ አልሰሙም። ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

"አባቴ" አሉ ለአቶ ንዳው፤ ቅድም "አንተ ሰውዬ" ያሉት ሰው፤ "ክርዎን በጥሼብዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እስቲ እግሬን የት ላድርግ?"

ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ በተራ ገባ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱን ለመርገጥ ስሞክር ሁለቱንም እረግጣለሁ። አቶ ንዳው ይህን አይተው ወደ ጉድጓዱ ወረዱ፤ ተንበረከኩና ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጠዋት የሰደብኳቸው ሰው እግሬን ይዘው "ግራ... አሁን ቀኝ... ቀስ፣ አትቸኩል" ይሉኛል።

"ጋሼ... ጠዋት... ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ምኑን ልጄ? ይልቅ ቀኙን ርገጥ፤ ድሩ ተዘጋብህ።"

ትርፌ ከላይ ቆማ ታየናለች። አልሳቀችብኝም። የበጠስኩትን ክር ቋጥራ መወርወሪያውን መልሳ ሰጠችኝ።

አቶ ልሳኑ መዝገባቸው ላይ ከትርፌ ስም ጎን ሽመና ብለው ጻፉ። በአውራጃው ኤግዚቢሽን አዳራሽ ደጃፍ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ትርፌ እዚያ ቆማ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ። ብስክሌቱን አባቴ ወደ ቤት መለሰው።

አባባሉ ግን የተነገረው በዚያው ሰኞ ነው። የበር ጠባቂያችን ጋሽ ሞገሴ የሆነውን ሁሉ በትራቸውን ተደግፈው ከዳር ሲያዩ ነበር። አቶ ልሳኑ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ እስከ ጉልበታቸው አፈር ለብሰው ወደ በሩ መጡ። ሹፌሩ ተበሳጭቷል።

"ጋሼ፣ ዛሬ ትልቅ ስህተት ልሠራ ነበር" አሉ እንግዳው ከበሩ ሳይወጡ። "ሲወረውሩ አየሁና አበቃ አልኩ። ያቺ ልጅ ባትኖር እኮ አልፌ ሄጄ ነበር።"

ጋሽ ሞገሴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው፤ እኛም ከኋላ ተከትለን እየሰማን ነበር፤ እንዲህም አሏቸው፦ "በራስዎ አይፍረዱ ጌታው፣ ሁላችንም እንዲያው ነን፤ የሸማኔን እጅ ያየ፣ እግሩን ይጠይቅ።"