የእራፊ ሜዳ እና የባዳ ጨርቅ

ከዝግባ በር ገበያ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ሳይደረስ፣ እራፊ ሜዳ የሚባል ሰፊ መስክ አለ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠጥር የአገሩ ሰው ያለቀ ልብሱን ሁሉ፣ ጋቢውንም፣ ነጠላውንም፣ ብብቱ የተቀደደ ኮቱንም ይዞ እዚያ ይወርዳል። አንዱ ደህና ደህናውን እየለየ ሲቆርጥ ሌላው ሲሰፋ ይውሉና፣ ከዚያ ሁሉ ቡትቶ የልጅ መታቀፊያ፣ የአልጋ ልብስ፣ የእህል ከረጢት ወጥቶ ለቸገረው ይታደላል። በዚህ አገር ጨርቅ አይጣልም። አይጣልም ነበር ልበል እንጂ፣ አሁንማ ሁለቴ ያጠቡትን ሰልባጅ ወንዝ ውስጥ ወርውረው የሚሄዱ ጎረምሶች መጥተዋል፤ ውሃ ሊጠጣ የወረደ ከብት የሰው ሱሪ ሲያላምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ዓይነት ጥጋብ እንደሆነ እንጃ። ሜዳው ለምን እንዲህ እንደተባለ ቢያውቁ ኖሮ እጃቸው አይታዘዝላቸውም ነበር።

እንደሚነገረው ከሆነ ሜዳው በድሮ ጊዜ ሽታዬ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እርሻ ነበር። ባሏ በሞተበት ዓመት ቆላው በወረርሽኝ ተዘግቶ ጥጥ ወደ ደጋ አልወጣም፤ ሸማኔው ሥራ ፈትቶ፣ ያለውም የሌለውም የለበሰውን እየጣፈ የሚኖርበት ጊዜ ነበር ይባላል። ሽታዬ ደህና ጋቢ የነበራት አንድ ነው፤ እሱንም ባሏን ከፈነችበትና እሷ ድሪቶ ለብሳ ቀረች። የሟቹ አርባ እንኳ ሳይወጣ ወንድሙ ቢያድግልኝ በሬዎቹን ነድቶ መጣና «ለወንድሜ ልጅ አልወለድሽለት፣ በመሬቱ ምን አገባሽ» ብሎ እርሻዋን ማረስ ጀመረ። መሬቱ ግን ከአባቷ የወረሰችው የራሷ ርስት ነበር፤ ይህን የማያውቅ በአገሩ አልነበረም፤ ቢያድግልኝም አሳምሮ ያውቃል።

በዚያን ጊዜ ስለ ገዢው ሆኖ አገሩን የሚዳኘው ምስለኔ ወንድይራድ የሚባል ሰው ነው። የዚያው የዝግባ በር ልጅ ነው፤ እናቱ እመት ጥጊቱም እዚያው መንደር ይኖሩ ነበር። ሹመት ሲያገኝ ግን ከየት እንደበቀለ ጠፋውና «ችሎቴ የተከበረ ነው፣ ድሪቶ የለበሰ ፊቴ አይቁም» የሚል ትእዛዝ አወጣ። እንግዲህ ፍረዱ፤ አገር በሙሉ ጥፎ በለበሰበት ዓመት ነው ይህን ያለው። ሽታዬ አቤት ብላ ስትቀርብ በር ጠባቂው አጋፋሪ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ በዱላው ገፍቶ አስወጣት።

ጎረቤቷ ደገፋው ይህን ሲሰማ ለሠርግና ለክርስትና ብቻ የሚያወጣውን ጋቢ አዋሳት። የዝግባ በር ሰው የዋህነት እዚህ ላይ ነው፤ በአገሩ ልብስ መዋዋስ ነውር ስላልነበረ ችሎት ፊትም ነውር ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቢያድግልኝ ግን ያንን ጋቢ በስንቱ ሠርግ ላይ አይቶታል። ሽታዬ ለብሳው ችሎት ስትቀርብ «ጌታዬ፣ ይህ የደገፋው ጋቢ ነው፤ በሰው ልብስ የመጣች ሴት የሰው መሬት የኔ ነው ብትል ምን ይደንቃል» አለ። ምስለኔው ሳቀ። አዎ፣ ሳቀ ነው የሚባለው። «እንግዲያስ ደገፋው ይምጣና ይሟገት» ብሎ መለሳት፤ በሚቀጥለው ችሎት የራሷን ልብስ ለብሳ ካልቀረበችም መሬቱ ለቢያድግልኝ እንደሚጸና ተናገረ። በድሪቶዋ ብትመጣ ትባረራለች፣ በውሰት ብትመጣ ትባረራለች። ታዲያ ራቁቷን ትምጣለት እንዴ?

ሽታዬ አላለቀሰችም ይባላል፤ ተቆጣች። በየቤቱ እየዞረች «የምታውሱኝን አልፈልግም፣ የጣላችሁትን ስጡኝ» አለች። ከአንዱ ቤት የነጠላ ጥለት፣ ከሌላው ሳያልቅ የቀረ የጋቢ ጫፍ፣ ከሌላው የቀሚስ ግርጌ ወጣ። ሴቶቹ እርሻው ዳር ተቀምጠው ያንን ሁሉ ገጣጠሙት፤ ክር ስላልነበረም ከዚያው ከቡትቶው ላይ ክር እየመዘዙ ሰፉበት። ሊያሾፉ የመጡ ወንዶችም መርፌ ይዘው ቀሩ አሉ። እመት ጥጊቱም እንደ ማንኛውም ሰው አንዲት ቁራጭ ልከው ነበር። ጋቢው ሲያልቅ ውሰት አይደለም፤ ሰው የጣለውን ሰብስባ በእጇ የሠራችው የራሷ ነው።

ችሎቱ በዋለበት ቀን መንደሩ ተከትሏት ወጣ። አጋፋሪው ዱላውን ሲያነሳ «በሕግ አምላክ» ብላ አቆመችውና ወደ ምስለኔው ዞረች። «ጌታዬ፣ ልብሱ የራሴ ነው። ችሎትዎን የሚያስነውረው ቁራጭ የትኛው እንደሆነ ያሳዩኝና እዚሁ ቆርጬ ልጣለው» ብላ ከጉያዋ ምላጭ አወጣች።

ምስለኔው ሊያዋርዳት ፈልጎ በአለንጋው እጀታ ትከሻዋን ነካ። እዚያ ላይ ቀለሟ የጠፋ፣ ከሁሉ ይልቅ ያረጀች ቁራጭ ነበረች። «በዚህች ጀምሪ» አለ።

ሽታዬ ምላጩን ስታስጠጋ ከሰዉ መሐል እመት ጥጊቱ ተናገሩ። «ቁረጫት ልጄ። እሱን ያዘልኩባት ናት። ሌላ ማዘያ ስላልነበረኝ እየጣፍኩ እየጣፍኩ በእሷ ነው ያሳደግኩት። ዛሬ ካስነወረችው ቁረጫት።»

ምስለኔው አንገቱን ደፍቶ «ተያት፤ አቤቱታሽን አሰሚ» አለ። ምስክር ተጠራ፣ እውነቱ የታወቀ ስለነበረም ነገሩ ብዙ አልፈጀም፤ መሬቱ ለሽታዬ ተፈረደላት፣ ቢያድግልኝም በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙና ምስለኔው ለእናቱ ጨርቅ ሲል እንዴት ልቡ እንደራራ እያደነቁ ያወራሉ። እኔን ይህ ያንገበግበኛል። ምኑ ነው የሚደነቀው? መሬቱ ትናንትም የሽታዬ ነበር፣ ምስክሮቹም ትናንት ነበሩ። አባቴ ሲነግረኝ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ሰዉ እልል ሲል ሽታዬ እጅ ሳትነሳ ቆማ ቀረች፤ ለምን ቆመሽ ስትባልም ምስለኔውን ቀና ብላ እያየች እንዲህ ብላ ጠየቀችው ይባላል፦ «ጌታዬ፣ የእናትዎ ጨርቅ ባይኖርበትስ ኖሮ?»

ምስለኔው ችሎቱን በትኖ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ሽታዬ ከእርሻዋ ገሚሱን ለአገሩ መስፊያ እንዲሆን ተወችው፤ ሜዳውም እራፊ ሜዳ ተባለ። ጥያቄዋንም አገሩ አልረሳውም። ለእርቅም ለፍርድም በዚያ ሜዳ የሚቀመጥ ሽማግሌ ሁሉ ጋቢው ላይ፣ በሚታይ ቦታ፣ የሌላ ሰው እራፊ አሰፍቶ ነው የሚቀመጠው። ዘመድ የሰጠው አይሆንም፤ የባዳ መሆን አለበት። ባለጉዳዩ ከመናገሩ በፊት «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሽማግሌውም የሰጪውን ስም ከነአባቱ ይናገራል።

ባለፈው ጥቅምት ከከተማ የመጡ አንድ የተከበሩ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ተራዋ ደርሶ አንዲት የድንበር ክስ ያላት ልጅ እግር ሴት ጋቢያቸው ላይ ያለችውን እራፊ «የማን ናት?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ ለእናታቸው ክብር የሰጡ መስሏቸው «የእናቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና» አሉ። ሴትየዋ «እንግዲያው ለእናትዎ ይፍረዱላቸው» ብላ ክሷን ሳትናገር ተመልሳ ተቀመጠች። ሰውየው ግራና ቀኝ አዩ፤ የሚያስቀራቸው ሰው ሲያጡ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፣ ቦታውንም ሌላ ሰው ያዘው።