በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የታየችው እናት

በአንድ ወቅት በበርማ ምድር ዶው ሚያ የምትባል መምህርት ነበረች። «ዶው» እኛ እትዬ እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሳንዳ፣ ቱራና ያዳና። በርማዎች ከስማቸው ቀጥሎ የአባት ስም አያስከትሉም። ስለዚህ የሦስቱን ስም ጎን ለጎን ብትጽፉት የአንድ ማሕፀን ልጆች መሆናቸውን ማንም አያውቅም። ይህን ያዙልኝ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው።

ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ዶው ሚያ «በእናንተ ትምህርት ቤት አላስተምርም» ብላ ወጣች፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባም በአንድ ገዳም ጓዳ ማስተማር ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ትፈለጋለች። ወታደሮቹ ስሟን እንጂ መልኳን ስለማያውቁ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች ከረመች። ልጆቿ ቀደም ብለው ተበትነዋል። ሳንዳ ሴኡል ገብታ ልብስ ትሰፋለች፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። ቱራ አውስትራሊያ ውስጥ ቄራ ይሠራል። የመጨረሻዋ ያዳና ኖርዌይ ናት፤ ፊልም ትሠራለች።

ቱራ ባለበት ከተማ የሚኖሩ በርማዎች በየዓመቱ አዳራሽ ተከራይተው የአገራቸውን ፊልሞች ያሳያሉ። ምግብ አዋጥተው፣ ወንበር ደርድረው፣ በሩቅ ላለው ወገናቸውም በኢንተርኔት በቀጥታ እያስተላለፉ ነው የሚያሳዩት። በዚያ ዓመት የፌስቲቫሉ መክፈቻ የያዳና ፊልም ሆነ። በዚህ ሰበብ ሦስቱ ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ አዳራሽ ተገናኙ።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት ተሠራ። የሚያናድደው ሁለቱም ከመልካም አስተዳደግ የመጡ መሆናቸው ነው።

በርማዎች ትልቅ ሥራ ሲጀምሩ ለወላጅና ለመምህር ይሰግዳሉ። ያዳናም በፊልሟ መጀመሪያ ላይ የእናቷን ፎቶ አስገባች፤ ከሥሩም «ለወለደችኝና ላስተማረችኝ ለዶው ሚያ» ብላ ጻፈች። እናትየው በዚያ ሳምንት ወደ ታይላንድ እንድትሸሽ ታቅዶ ነበርና፣ ዓርብ ዕለት ድንበር ተሻግራለች ብላ አምናለች። ሳንዳ ግን ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው ጉዞው ወደ እሑድ መተላለፉን ሰምታለች። «ዛሬ የልጅቷ ቀን ነው፤ ለምን አስጨንቃታለሁ?» ብላ ዋጥ አደረገችው። በርማዎች እንዲህ ያለውን ነገር «አናዴ» ይሉታል። ከእኛ ይሉኝታ ጋር ቢወዳደር የቱ እንደሚብስ እንጃ።

እሑድ ከምሳ በኋላ መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ተጀመረ። የዶው ሚያ ፊት ግድግዳውን ሞላው፤ ስሟም ከሥሩ ወጣ። በዚያች ሰዓት ዶው ሚያ በሌላ ሴት መታወቂያ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ድንበሩ እየተጓዘች ነበር። በየኬላው ስለሚበረበር ስልክ አልያዘችም።

ሳንዳ የእህቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «አልተሻገረችም እኮ! ገና መንገድ ላይ ናት!»

ያዳና ሮጣ ፊልሙን አስቆመችው። ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስርጭቱን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ያየዋል፤ ወዳጅም ጠላትም። ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የማይታወቅ ሰው ከሥሩ «ለካ ይቺ ናት!» ብሎ ጻፈ።

ሳንዳ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ከአገሯ ከመሰደዷ በፊት በዚያው መስመር የአውቶቡስ ረዳት ነበረች። ሾፌሮቹ ድልድዩ ላይ ካለው ኬላ በፊት የሚቆሙት በአንዲት የዓሣ ሾርባ ቤት እንደሆነ ታውቃለች። «ይህን ያህል ሳህን አዘጋጂ» ለማለት በየቀኑ ስትደውል ስለኖረች ቁጥሩም ከራሷ አልወጣም። ደወለች፤ አልተነሣም። ደገመች። በሦስተኛው ባለቤቲቱ አነሣች።

«አውቶቡሱ መጥቷል?»

«መጥቶ ሊነሣ ነው። ማን ልበል?»

«አጠር ያለች፣ በግራ እግሯ የምታነክስ ሴት አለች። በእናትሽ፣ እንዳትሳፈር!»

ባለቤቲቱ «ማን ናት? ምን አጠፋች?» አላለችም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሮጠች፤ ዶው ሚያን ከአውቶቡሱ ደረጃ ጎትታ አወረደቻትና ጓሮ አስገብታ ከሚታጠበው ሳህን ፊት አስቀመጠቻት። አውቶቡሱ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወታደሮች ገብተው የእያንዳንዷን ሴት ፊት ስልካቸው ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያዩ። አንዲት ተሳፋሪ መጉደሏን ሲያውቁም ወደ ሾርባ ቤቱ መኪና አስነሡ።

ቱራ ሰው ፊት መናገር የማይወድ፣ በራሱ ልደት እንኳ ጥግ ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሳንዳ ስልክ ላይ ሳለች መድረክ ላይ ወጣና ማይኩን ጨበጠ። ስርጭቱ አልተቋረጠም። ካሜራውን ትኩር ብሎ እያየ «ቱራ እባላለሁ» አለ። «አሁን ያያችኋት እናቴ ናት። ከአገር ከወጣች ሰነበተች። ይኸው እዚህ ከእኛ ጋር ናት።»

ይህን ብሎ ከፊት ወንበር ከተቀመጠችው ከጎረቤቱ ከዶው ቲን እግር ሥር ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ሰገደ። ዶው ቲን የዋዛ ሴት አይደለችም። ወዲያው ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አዳራሹም አብሯት አለቀሰ፤ ግማሹ ገብቶት፣ ግማሹ አምኖ።

ሾርባ ቤቱ በር ላይ የደረሱት ወታደሮች አለቃ ይህንኑ ስልኩ ላይ አየ። «ሴትዮዋ አውስትራሊያ ተቀምጣ ይሰገድላታል፤ እኛን እዚህ ዝናብ ይደበድበናል!» ብሎ ተራገመና ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። ጓሮውን አልፈተሹም።

ቱራ ግን ከፈለ። እስከዚያች ቀን የዶው ሚያ ልጅ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። በሚቀጥለው ወር አገሩ ገብቶ፣ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን እጮኛውን ሊያገባ ትኬት ቆርጦ ነበር። ከፌስቲቫሉ በነጋታው ወታደሮች የልጅቷን አባት ጠርተው ቀኑን ሙሉ መረመሩት። አባትየው ተለቆ እንደወጣ ጥሎሹን መልሶ ላከ።

ዶው ሚያስ ዳነች? ገና ነው። ሾርባ ቤቱ ጓሮ ውስጥ እንዳለች ወባ ጣላት፤ መቆም አቃታት። ባለቤቲቱ ከሳምንት በላይ መደበቅ እንደማትችል ነገረቻቸው። ሰው የሚያሻግሩት ሰዎች ደግሞ «የታመመ አንሸከምም» አሉ።

ያዳና ማንንም አላማከረችም። ታይላንድ ድረስ በረረች፤ የራሷም ስም ከሚፈለጉት መዝገብ ላይ እያለ በተነፋ የመኪና ጎማ የድንበሩን ወንዝ ተሻግራ ጥላው ወደሸሸችው አገር ገባች። ሾርባ ቤቱ ደርሳ እናቷን አዘለቻት። በበቆሎ እርሻ ውስጥ ግማሽ ቀን በጭቃ ሄደች። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዝናቡ ስለከበደ ጠባቂዎቹ መጠለያ ገብተዋል። እናቷን ጎማው ላይ አስራ፣ እሷ ውኃው ውስጥ ሆና እየዋኘች ገፋች። መሐል ላይ ጎርፉ ግንድ አምጥቶ ትከሻዋን አወለቀው። በቀረው እጇ ገፍታ ማዶ አደረሰቻት።

ዶው ሚያ በስደተኞች መጠለያ ታክማ ተነሣች። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። ወደ ልጆቿ ለመሄድ ማመልከት የሚቻለው ለአንድ አገር፣ በአንድ ልጅ ስም ብቻ ሆነ። በዚህ ዕድሜዋ ከገባችበት አገር ወጥታ የቀሩትን ልጆቿን ልትጠይቅ የምትችልበት ቀን መምጣቱ ያጠራጥራል። ሦስቱም ፈለጓት። በስልክ ተሰብስበው ተከራከሩ፤ እናትየውም ትሰማለች።

ሳንዳ «ከአውቶቡሱ ባላወርዳት ኖሮ እናንተ የምታድኑት እናት አይኖራችሁም ነበር» አለች። «ልጆቼም አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነው።»

ቱራ ደግሞ «አንቺ ባትደብቂ፣ ያዳናም ባትቸኩል እኔን ምን ያስዋሸኝ ነበር?» አለ። «ያላጠፋሁት እኔ፣ የከፈልኩት እኔ። አንቺ ባል አለሽ፣ ልጆች አሉሽ። ያዳናም ገና ልጅ ናት። የእኔ ቤት ባዶ ነው።»

ያዳና በመጨረሻ ተናገረች። «ፎቶውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ጥፋቴን ታቅፌ አልተቀመጥኩም፤ ሄጄ አመጣኋት። ወንዙ መሐል እማዬ ‹ልቀቂኝና ራስሽን አድኚ› ብላኝ ነበር። አልለቀቅኋትም። አሁን ልቀቂ ነው የምትሉኝ?»

«ቤት ያቃጠለ ሰው እሳቱን ስላጠፋ ቤቱ ይሰጠዋል?» አለ ቱራ።

«ወንድሜ፣ እማዬ እየሰማች ነው ይህን የምትናገረው?» አለች ያዳና።

ከዚያ ሁሉም ተላቀሱ፤ መፍትሔ ግን አልመጣም።

እኔ ይህን ታሪክ ባወራሁበት ቤት ሁሉ ጠብ አትርፌ ነው የወጣሁት። ባለፈው የባለቤቴ እህት ለሳንዳ ፈረደች፤ ባለቤቴ ለቱራ ፈርዶ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። አንዲት ያልጠየቅናት ጎረቤት ደግሞ ለያዳና ካልተፈረደ እግዚአብሔርም ፍርዱን ያጓድላል ብላ ማለች። እኔማ ምን ልበላችሁ፤ ማንኛቸውም ሲናገሩ ለዚያው እፈርዳለሁ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። የመጠለያው ጸሐፊ ቅጹንና ብዕሩን ከዶው ሚያ ፊት አኖረላት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነው፤ ሦስቱም እያዳመጡ ነው። ዶው ሚያ ስሟን ጻፈች። ዕድሜዋንና የተወለደችበትን መንደር ጻፈች። «የተቀባይ ልጅ ስም» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ» አለች። «ሦስት ልጆች ደህና ሠርተው መጥተው ሁለቱን ጥዬ አላውቅም።»

«እናቴ፣ አንድ ስም ብቻ ነው» አላት ጸሐፊው። «ከእርስዎ በኋላ ሰልፍ አለ።»

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ ከአውቶቡስ ያወረደቻት ሳንዳ፣ በስሙ የሸፈናት ቱራ፣ በጀርባዋ ያሻገረቻት ያዳና አሉ። እናት ለየትኛው ትገባለች? ስማቸው ላልተጻፈው ለሁለቱስ፣ እዚያው ስልኩ ላይ፣ ምን ብላ ትንገራቸው?