የጦጣ ሁለተኛ ጉርሻ

ተረት ተረት፣ የጦጣ እራት።

እንግዳ ወፎች ከየአገሩ በሚጎርፉበት በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የየምግብ ቤቱን ወጥ እየቀመሰች የምትፈርድ አንዲት ምላሰኛ ጦጣ ነበረች። እሷ «ይጣፍጣል» ካላለች ደጃፉን የሚረግጥ የለም።

ኩሩው ጣዎስ አዲስ ምግብ ቤት ከፈተና ጠራት። ቦታው ድሮ ሟቿ እትዬ ኤሊ ለመንገደኛ ሽሮ ትሠራበት የነበረ ነው። ጣዎስ እንደ ሰፌድ የሰፋ ሳህን አቀረበላት፤ መሐሉ ላይ አንዲት ጉርሻ ብቻ ጉብ ብላለች።

ጦጣ ጎርሳ ዋጠች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና አፏን እንደገና ከፍታ ጠበቀች።

ጣዎስ ደነገጠ። «እመቤቴ፣ ምን ጎደለ? ጨው ነው?»

«ጨውስ ልክ ነው። እዚሁ ቦታ እትዬ ኤሊ በእጇ ስታጎርሰኝ፣ ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ብላ ሳትደግመኝ ቀርታ አታውቅም። አፌ ለምዶበት ነው።»

ጣዎስ እየተጣደፈ አስደገመ። ሁለተኛው ሳህን መጣ፤ ሹካም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ጦጣ ዓይኗን ገልጣ ሹካውን አየችና አፏን ዘጋች።

«ጉርሻውስ መጣ» አለች ቀስ ብላ፤ «እጇስ?»

ተረቴን መልሱ፤ ስትመልሱም ደግማችሁ አጉርሱ።