ትርንጎና እምቢ ያለው ምድጃ

ቀረብ በሉማ፤ አፌ ሳይደክም ልጀምርላችሁ። ደሴ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሥነ ጥበብ ተምራለች፤ ኩራቷም በትምህርቷ ልክ ነው። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት እንስራ ማቃጠል። ከሠራቻቸው ሦስቱ እጇ ላይ ተደርምሰው አራተኛዋ ቆማ ደረቀችላት። ሳትቃጠል ዝናብ ከነካት ግን መልሳ ጭቃ ናት፤ የወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ደግሞ ደመናው ከብዷል።

የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ብታበራው እምቢ አለ። ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ተበጥሷል። ወደ ጠጋኙ ሮጠች።

"ጋሽ ይመር፣ ምድጃዬን ይጠግኑልኝ፤ ምድጃዬ እንስራዬን ያቃጥል።"

"በባዶ ሆዴ ኤሌክትሪክ አልነካም። ሚስቴ ሐዋ ወጥ አልሠራም ብላ አኩርፋለች።"

ወደ ሚስቲቱ ሄደች።

"እትዬ ሐዋ፣ ወጥ ይሥሩ፤ ጋሽ ይመር በልተው ምድጃዬን ይጠግኑ፤ ምድጃዬ እንስራዬን ያቃጥል።"

"በምኔ ልሥራው? የሸክላ ድስቴን ባዶውን እሳት ላይ ጥዶ ወሬ ሲያወራ ሰነጠቀብኝ። አንቺ ሸክላ ሠሪ አይደለሽ? ስጪኛ።"

"የኔ ሁሉ ጥሬ ነው" አለች ትርንጎ አፍራ። ወደ ድስት ነጋዴዋ ሄደች።

"እማማ ዙሪያሽ፣ ድስት ይስጡኝ፤ ድስቱ እትዬ ሐዋ ጋ ይድረስ፤ እሳቸው ወጥ ይሥሩ፤ ጋሽ ይመር በልተው ምድጃዬን ይጠግኑ፤ ምድጃዬ እንስራዬን ያቃጥል።"

"ድስቱ ያለው ገበያ ነው። ይቺን የልጅ ልጄን ለማን ትቼ ልውጣ? ትምህርት ቤቱ ክፍሏን ዘግቶባታል።"

ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ አቶ ካሳው ሄደች።

"አቶ ካሳው፣ ክፍሉን ይክፈቱ፤ ልጅቷ ትግባ፤ እማማ ዙሪያሽ ገበያ ወጥተው ድስት ይስጡ፤ ድስቱ እትዬ ሐዋ ጋ ይድረስ፤ እሳቸው ወጥ ይሥሩ፤ ጋሽ ይመር በልተው ምድጃዬን ይጠግኑ፤ ምድጃዬ እንስራዬን ያቃጥል።"

አቶ ካሳው ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቋት።

"የእጅ ሥራ አስተማሪው ጥሎኝ ሄደ። አንቺ አስተምሪና እከፍታለሁ።"

"እኔ የጥበብ ሰው ነኝ እንጂ አስተማሪ አይደለሁም።"

"እንግዲያው ደህና ዋይ።"

በመስኮት ብታይ ጦሳ በደመና ተሸፍኖ ጠፍቷል። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ክፍል ገባች። አርባ ልጅ ጭቃ ይዞ ጠበቃት። "እንደ ገመድ አሹት። ሳትጎትቱ፣ እኩል እኩል ጠምጥሙት" አለቻቸው። የአንዱ ሲቀጥን፣ የሌላው ሲወፍር፣ እየዞረች አቃናች። ደስ አላት፤ ለራሷም ገረማት።

እንዲህ ሆኖ ክፍሉ ተከፈተ፤ ልጅቷ ገባች፤ እማማ ዙሪያሽ ገበያ ወጡ፤ ድስቱ እትዬ ሐዋ ጋ ደረሰ፤ ወጡ ተሠራ፤ ጋሽ ይመር በሉ፣ ጠገቡ፣ አዲስ ሽቦ ይዘው መጡ። አለቀ ብላችሁ ነበር አይደል? ጋሽ ይመር ሽቦውን ሲጠመጥሙት አንዱ ጋ ጠበቀ፣ አንዱ ጋ ላላ። ምድጃው አሁንም እምቢ አለ።

"አይጎትቱት፣ ጋሽ ይመር።"

"እንግዲያ አንቺ ሞክሪው" አሉ ተቆጥተው።

ተቀብላ ለልጆቹ እንዳሳየችው እኩል እኩል ጠመጠመችው። ምድጃው ፍም መሰለ። ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው ፍሙን አዩና "ከእንግዲህ ምድጃ የተበላሸበትን ሁሉ ወዳንቺ ነው የምልከው" አሉ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ። በሌላው ቀን አስተምራለሁ" አለች ትርንጎ።

እንስራዋ ተቃጥላ ወጥታ በበረደች ማግስት ዝናቡ ወረደ። ትርንጎ አውጥታ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አኖረቻትና ውሃው እስከ እንስራዋ አፍ እስኪሞላ ቆማ አየች። እንስራዋ ጭቃ መሆን ቀርቶ ንቅንቅ አላለችም። ትርንጎ አለቀሰች።

እኔ ጨረስኩ። ያላመነ ሄዶ እንስራዋን ያንኳኳ።