ዝሆኖች ነፃ ያወጡት መስክ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ፣ የልጅ ነገር ነው ብላችሁ አትነሡ። ይኼኛው ከልጆቹ ይልቅ ለእናንተ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ተራሮች ገና ቦታ ሳይዙ፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ሰፊ መስክ ነበር። ሣሩ ከመርዘሙ የተነሣ ደመና ሲደክመው ወርዶ ይተኛበት ነበር አሉ። ከሣሩ ሥር ጅግሮች ይኖሩ ነበር። ጅግራ ዛፍ ላይ ጎጆ አትሠራም፤ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። አንድ የቆየ ሕግም ነበራቸው። መሬት ሲንቀጠቀጥ እናት ከእንቁላሏ አትነሣም፣ ድምፅም አታሰማም። ክንፏን ዘርግታ፣ ትንፋሿን ውጣ ዝም ትላለች። እናቶቻቸውም የእናቶቻቸው እናቶችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በመስኩ መሐል ካለ ኩይሳ ውስጥ ዘንዶ ይኖር ነበር። ገዢያቸው እሱ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር እየተሳበ ይመጣና ከየጎጆው አንዳንድ እንቁላል ይውጣል። ክፉ ነበር፤ አልነበረም የሚላችሁ ካለ ውሸታም ነው። ጅግሮቹ ያለቅሱ ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ተሰብስበው ይመክሩ ነበር። በምክራቸው እንቁላል የታቀፈች እናት ቀድማ ትናገራለች።

እሜት ዛጎሊት የምትባለው ጅግራ፣ "ልጆቼ ይፈልፈሉልኝና ሁላችንም ዳገቱን እንውጣ፤ ላዩ ብርድ ነው፣ ዘንዶ ብርድ አይችልም" አለች። ሁሉም ተስማሙ። የቀራት ጥቂት ቀን ነበር።

አያ ቀበሮ ግን ይህን ሰማ። "ጉድ ፈላ! እነዚህ ሄደው እኔ ምን ልበላ ነው? ዘንዶው ቢሞት፣ እኔ ብሾም፣ እንቁላሉ ሁሉ የኔ" አለና ወደ ዝሆኖች አገር ገሠገሠ።

ዝሆኖች አለቃ የሚመርጡት ኩምቢ በማንሣት ነው። ብዙ ኩምቢ የተነሣለት ይሾማል። መልካም ልማድ ነው፣ ለዝሆን።

"ጌታዬ አባ ዳምጠው!" አለ ቀበሮ፣ ከአለቃቸው እግር ሥር ወድቆ። "ጅግሮች አለቁልዎ! 'ዝሆን ይድረስልን' እያሉ ነው።"

"እነሱ ራሳቸው እንዲህ አሉ?"

"በአፋቸው ባይሉም በእንባቸው ይላሉ፣ ጌታዬ።"

የአባ ዳምጠው ዐይን እንባ ሞላ። "በሉ ተነሡ! ዘንዶውን እንግደልላቸው፤ ኩምቢ ማንሣትም እናስተምራቸው" አለ። ልቡ ደግ ነበር። የዝሆን ልብ ግን ከእግሩ በጣም ይርቃል።

ጎሕ ሲቀድ ደረሱ። ድም፣ ድም፣ ድም። ደመናው ገና ሣሩ ላይ ተኝቷል። አባ ዳምጠው ከዳር ቆመና፣ አይ የሱ ነገር፣ ፈቃድ ጠየቀ።

"በሣሩ ውስጥ ያላችሁ! እንግባ ወይስ ይቅር?"

መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበርና እናቶች ሁሉ ክንፋቸውን ዘርግተው ዝም አሉ። ዛጎሊት ከሆዷ ሥር ልጆቿ ቅርፊቱን ሲቆረቁሩ ይሰማታል። "አትግቡ!" ብላ ልትጮኽ ፈለገች፤ ግን የእናቷ ሕግ ያዛት።

"ዝም አሉ እኮ" አለ አባ ዳምጠው።

"ዝም ማለት እሺ ማለት ነው፣ ጌታዬ" አለ ቀበሮ።

ገቡ። ድም፣ ድም፣ ድም። ኩይሳውን ከነዘንዶው ፈጩት። ኩይሳውን እስኪያገኙ ያልረገጡት ሥፍራ አልነበረም። አቧራው ሲወርድ መስኩ ልሙጥ ሆኖ ታየ። ደመናውም የሚተኛበት አጥቶ ሄደ።

"ነፃ ወጣችሁ!" አለ አባ ዳምጠው። "በሉ፣ ኩምቢያችሁን አንሡና አለቃ ምረጡ!"

የተረፉት ጅግሮች እርስ በርስ ተያዩ። ኩምቢ ከየት ይምጣ? ቀበሮ ግን ጭራውን ቀጥ አድርጎ ለራሱ አነሣ።

"አንድ ተነሣ፤ የተቃወመ የለም" አሉ ዝሆኖቹ። ቀበሮ ተሾመ፣ እነሱም በደስታ ጮኹ።

በዚህ መሐል ዛጎሊት የተሰበረ ክንፏን እየጎተተች መጣች።

"እሜት፣ ምነው አትደሰቺም? ዘንዶው ሞተ እኮ" አላት አባ ዳምጠው።

"ሞተ፣ ጌታዬ።"

"ታዲያስ?"

"እግርዎን ያንሡልኝ።"

አነሣ። በሰኮናው ስንጥቅ ውስጥ ቅርፊትና እርጥብ ላባ ተጣብቋል።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ልጆቼ ናቸው። ዛሬ ነበር የሚወጡት።"

"ጠይቄ ነበር እኮ! ለምን ዝም አላችሁ?"

"እኛ ስንፈራ ዝም እንላለን። ምክራችን ማታ ነው፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢቆዩ ኖሮ እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምናገረው። ዘንዶው ሲወስድብኝ ለቀሩት እኖር ነበር። አሁን ለማን ልኑር?"

ከዝሆን ሁሉ የሚከበረው ትልቁ ዝሆን እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማልቀሱ ግን አንዲት እንቁላል አልመለሰም።

ጅግሮቹ ተሰልፈው ዳገቱን ወጡ። ዛጎሊት ከኋላ ነበረች፤ እየቆመች ወደ መስኩ ትመለከት ነበር። ቀበሮ ባዶው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ "እንቁላል አምጡ! ሹም ነኝ!" እያለ አወጀ። የሰማው ነፋስ ብቻ ነው። አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ፣ በገዛ ሹመቱ ላይ በረሃብ ሞተ።

ዝሆን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ጋደም ብሎ መተኛት አልሆነለትም ይባላል። ቆሞ ያንቀላፋል፣ አንድ እግሩን ከመሬት ከፍ አድርጎ። በሕልሙ ከእግሩ ሥር ቅርፊት ሲቆረቆር ይሰማዋል፤ እግሩን ማሳረፍ ይፈራል።

እኔ የሰማሁት ይህን ነው፤ እናንተም ለሚሰማ ንገሩ። አባቶችም እንዲህ ብለው ቋጩት፦

ዘንዶ ገደልኩ ባይ፣ የረገጠውን ይይ።