ግራር ውሃ ዝናብ የፈራች ዕለት

በሚያዝያ ሰማዩ ሲጠቁር ፊቱ አብሮ የጠቆረ ገበሬ ካያችሁ፣ አጠገቡ ያለ ሰው የሚወረውራት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ዛሬ ከተሜውም ተምሯታል። ቤቱን ሸጦ ኪራይ የተወደደበትንም፣ ሥራውን ለቆ የተጸጸተውንም ይገርፍባታል። ይግረፍባት፣ አልከለክልም። እኔን የሚያናድደኝ ከየት እንደመጣች ሳያውቅ እየሳቀ መናገሩ ነው። እኔ ስሰማት ሳቅ አይመጣልኝም።

ነገሩ የሆነው ግራር ውሃ በምትባል የቆላ መንደር ነው። የግራር ውሃ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ማሽላ ዘሪ ነው። እንጀራው ማሽላ፣ ጠላው ማሽላ፣ የከብቱ መኖ የማሽላ አገዳ፣ የልጆቹ ከረሜላ ጥንቅሽ ነበር። ለዘር የሚሆነውን ዛላ ከአጨዳ በፊት ከማሳው መርጦ ይቆርጥና አስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል። ጭስ የጠገበ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም።

ደግሞ የዘር ወግ ነበራቸው። ለምግብ ሲለምኑት "የለኝም" የሚል ጎረቤት እንኳ፣ ለዘር ከሆነ ከተሰቀለው አውርዶ ይሰጣል፤ ተቀባዩም አዝመራ ሲገባ በተሰፈረለት ልክ ይመልሳል። ዘር አይነፈግም። ግን ዝናብ ሳይጥል ዘር መጠየቅ ነውር ነው፤ ሟርት ነው ይላሉ። መጀመሪያ ሰማዩ ይስጥ፣ ከዚያ ሰው ይሰጣል። መልካም ወግ ነው፤ መዘዙም የመጣው በዚሁ መልካም ወግ በኩል ነው።

በዚህች መንደር ጥላዬ የሚባል ገበሬ ነበር። ትጉህ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ ትንሽ ችኩል ነው። አንድ ዓመት ምንውየለት የተባለ ነጋዴ በአይሱዙ መጣና ማሾ ዝሩ አለ። ማሾ ያቺ አረንጓዴ፣ ደቃቅ ጥራጥሬ ናት።

"ማን ይበላታል?" አለ ጥላዬ።

"እናንተ አትበሏትም። ባሕር ማዶ ነው የምትበላው። ኤክስፖርት ናት።"

"እነሱስ በምን ይበሏታል?"

"ምን ቸገረህ? አንተ ዝራ፣ እኔ ልጫን፣ እነሱ ይብሉ።"

ዘሩ። ሁለት ዓመት ገበያው ደራ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ብዙ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ሩዝና ፓስታ ገባ። ልጆቹ የማሽላ እንጀራ ሲቀርብላቸው "ይሄ ጉሮሮ ይከረክራል" ማለት ጀመሩ። ማሾን ራሷን "ዶላር" ብለው ጠሯት፤ "አባዬ ዶላር ሊያርም ወጣ" ሲሉ ትሰሙ ነበር። ትልቁም ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ሲገናኝ "እንዴት አደርክ" የሚለውን ሳይጨርስ "ገበያውስ እንዴት አደረ?" ይላል። ገበያው የት እንደሚያድር የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። ማሽላ ከማሳው ዳር ዳር ለወግ ያህል ቀረች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ምንውየለት ተመልሶ መጣ። ማሾውን "እስከ ፋሲካ አቆዩት፣ ይወደዳል" አላቸውና መኪናዬ ግማሽ ባዶ አይመለስም ብሎ ማሽላ መግዛት ያዘ። ከተማ ውስጥ ማሽላ የሚፈልግ ፋብሪካ አግኝቷል። በማሽላው ልክ ሩዝ እሰጣለሁ አለ፤ ነጭ፣ የተፈተገ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሩዝ፣ ቀይ ወፍ በተሣለበት ኬሻ። በኬሻው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻለ ሰው ግራር ውሃ ውስጥ አልተገኘም።

ጥላዬ የጎተራውን ጠራርጎ አወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ ከምድጃው በላይ ያለውን አየ። ሚስቱ ደብሪቱ ዓይኑን ተከትላ አየች።

"እሱን አትንካ" አለችው።

"ኬሻው ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው እኮ።"

"አይሙላ! ጥላዬ፣ ይሄ ዘር ነው።"

"ማሾ እያለ ማሽላ ማን ይዘራል? ብፈልግስ እንድሪስ አለ አይደል? እንድሪስ ዘር ነስቶኝ ያውቃል?"

"እንድሪስስ ቢሸጠው?"

"እንድሪስ?" ሳቀ ጥላዬ። "እንድሪስ እኮ ጠንቃቃ ነው። ሁሉም ቢሸጥ እሱ አይሸጥም።"

እንድሪስ ከጅረቱ ማዶ ያለ ጎረቤታቸው ነው። ጥላዬ ዱካ ላይ ወጥቶ ጭስ ያጠቆረውን እስር ፈታው። አቧራው ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ደብሪቱም እሱን ሰበብ አድርጋ አለቀሰች።

መጋቢት ሲጋመስ ሩዙ ወደ ማለቁ ሆነ፤ ማሾው ግን ከጣሪያ እስከ ወለል ተቆልሎ ቀርቷል። ጥላዬ ነጋዴው ጋ ደወለ።

"አይገዙም" አለ ምንውየለት።

"እነማን?"

"ባሕር ማዶዎቹ ናቸዋ።"

"ምን አድርገናቸው?"

"ምንም። ዘንድሮ አገራቸው ጥሩ ዘነበ። የራሳቸውን አመረቱ።"

ጥላዬ ስልኩን ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። ደብሪቱ ምን እንደሰማ ጠየቀችው።

"እነሱ አገር ዘነበ" አላት።

"እሰይ! ለማንም ይዝነብ። እኛን ምን አገባን?"

"ማሾውን አይፈልጉትም።"

ደብሪቱ ወደ ክምሩ ዞረች። "ወጥ እሠራዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። ቆየት ብላ ደግሞ "በምን ይበላል? በማሾ?" አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥላዬ እንቅልፍ አልነበረውም። ልጆቹን የሚያወጣው ማሽላ ብቻ ነው። የቆላ ማሽላ ደግሞ ቀጠሮ አያሳልፍም፤ በሚያዝያ ዝናብ፣ አፈሩ ርጥበቱን ሳይለቅ ካልተዘራ ለአዝመራ አይደርስም። ዘሩ እንድሪስ ቤት አለ እያለ ራሱን ያጽናናል። ግን አለ? መጠየቅ እንዳይችል ዝናቡ አልጣለም። አንድ ቀን ሰበብ ፈጥሮ እንድሪስ ቤት ሄደ፤ ስለ ጥጃ፣ ስለ አጥር አወራ፣ ባወራ ቁጥር ዓይኑ ከምድጃው በላይ ወዳለው ይሰርቃል። እንድሪስም የዚያን ቀን ነገሩ ሁሉ ቅጥ አጥቶበታል፤ ስለ ደብሪቱ ጤና ደጋግሞ ጠየቀ፣ "ጎጇችሁስ ደህና ናት? ጣሪያው አያፈስም? የተሰቀለ ነገር አይበሰብስባችሁም?" አለው። ጥላዬ ቤቱ ሲመለስ ደብሪቱ በር ላይ ጠበቀችው።

"አየህ?"

"ጭስ ነበር።"

"ጭስ ካለ ምንድነው? ቀና አላልክም?"

"ቀና ብያለሁ። ጭስ ነበር አልኩሽ!"

ሚያዝያ ገባ። ድሮ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ሴቱ እልል ይላል፣ ልጁ ራቁቱን ይወጣል፣ ወንዱ ሞፈርና ቀንበሩን ይነካካል። ያን ዓመት ደመናው ከምሥራቅ ሲነሳ መንደሩ ፀጥ አለ። አንዲት ልጅ እልል ብላ ጀምራ ነበር፤ እናቷ አፏን ያዘቻት። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ጀመረና መሬቱን እስኪያጠግብ ጣለ። እንዲህ ያለ ዝናብ ስንት ዓመት ተመኝተውት ያውቃሉ!

በማግስቱ ማለዳ ጥላዬ ባዶ ኬሻውን አጣጥፎ ከጋቢው ሥር ደበቀና ወጣ። ጅረቱ ዳር ሲደርስ እንድሪስ ከወዲያ ሲመጣ አገኘው። እሱም ጋቢውን ጥብቅ አድርጎ ይዟል።

"እንዴት አደርክ ጥላዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

"አልሐምዱሊላህ። ልጆቹ?"

"ደህና ናቸው። ከብቱስ?"

"ደህና ነው። ዘነበ እኮ።"

"ዘነበ። አፈሩ ጠግቧል።"

"ጠግቧል።"

ካፊያው እንደገና ጀመረ።

"ወደ እኔ ነበር?" አለ ጥላዬ።

"አዎ ወደ አንተ ነበር። አንተስ?"

"እኔም ወደ አንተ።"

እንድሪስ እጁን ሊያነሳ ሲል ከጋቢው ሥር ኬሻው ሾልኮ ጭቃው ላይ ወደቀ። ቀዩ ወፍ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ጥላዬ አየው፣ ከዚያ የራሱን አውጥቶ አሳየው።

"አንተም ሸጥከው?" ጮኸ እንድሪስ። "እኔ እኮ ጥላዬ አይሸጥም ብዬ ነው!"

"እኔስ? እንድሪስ ጠንቃቃ ነው ብዬ ለሚስቴ ስምልላት!"

"አሁን ምን ይሻላል?"

"አያ ሙላቱ ጋ እንሂድ። እሱ አሮጌ ሰው ነው፣ ዘር አያጣም።"

መንገድ አልጀመሩም፤ አያ ሙላቱ ራሱ ኬሻውን እንደ ቆብ ደፍቶ ከጉብታው ሲወርድ አዩት። ከኋላው ሌሎች ነበሩ። ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ጎረቤቱን መንገድ ላይ እያገኘ ከጅረቱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተጠራቀመ። አንዱ "ሩዙን ብንዘራውስ?" አለ። "የተፈተገ እህል ሆድ እንጂ መሬት አያውቀውም" አለው አያ ሙላቱ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅ ነበር።

በዚህ መሐል ሸህ ሙዘይን በበቅሎ መጡ። ሸህ ሙዘይን ከግራር ውሃ በላይ ያለው መንደር፣ የላይ አምባ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። የላይ አምባ ዘር በዚያ ቆላ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በክፉ ቀን እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ሲያዩዋቸው የሁሉም ፊት ፈካ።

"እንኳን ለዝናቡ አበቃችሁ!" አሉ ሸሁ። ሁሉም በበቅሎው ጀርባ ላይ ጭነት ይፈልጋል። "ምነው፣ ሰው ሞቷል እንዴ? ጥማዱ የት አለ? እልልታው የት ሄደ?"

ጥላዬ ልጓሙን ያዘ። "ሸህ ሙዘይን፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ። ዘር ይስጡኝ። ትንሽ ትሁን፣ ትበቃኛለች።"

"ከግራር ውሃ ዘር ጠፋ?"

"ሸጥነው። እኔ እንድሪስን ተማምኜ፣ እንድሪስ እኔን ተማምኖ፣ ሁላችንም እንደዚያው።"

"ላይ አምባ ግን አይጠፋም" አለ እንድሪስ ፈጠን ብሎ። "አይደለም እንዴ ሸህ?"

ሸህ ሙዘይን የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ከኮርቻው ሥር አስገብተው የተጣጠፈ ኬሻ ሳቡ። ቀይ ወፍ አለበት።

"እኔስ ወዴት የምሄድ መሰላችሁ?" አሉ። "ግራር ውሃ አይጠፋም ብዬ ነው የወረድኩት።"

ጥላዬ ልጓሙን ለቀቀ። ወዲያው ነጎድጓዱ ከአናታቸው ላይ ፈነዳ፤ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ቀበሩ፣ ሸህ ሙዘይንም አብረው። ዕድሜ ልካቸውን ነጎድጓድ በሰሙ ቁጥር ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መደንገጣቸውን ራሳቸው ታዘቡት። መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ጠብታው ሲያርፍበት እንደ እንግዳ ነገር አዩት፣ ከዚያም አሉ፦ "አይ ልጆቼ! ዘሩን የሸጠ፣ በዝናብ ደነገጠ።"