የሎሚት ደጃፍ ድንጋዮች

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ የወንዙ ውሃ መጥራት ሲጀምር፣ ጎርፍ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሁለት እኅትማማች ሸርጣኖች አዲስ ቤት ፍለጋ ወጡ። ታላቂቱ ቆንጢት፣ ታናሺቱ ሎሚት ይባላሉ። ቆንጢት ፍለጋው ቶሎ ሰለቻትና ከወንዙ ዳር ጭቃውን ቆፍራ አንዲት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። ሎሚት ግን ሦስት ቀን ስትዞር ሰንብታ ከአንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ዋሻ አገኘች። አፉ ሰፊ ስለነበረ ድንጋይና ጠጠር እየጎተተች ደፈነችውና ራሷን ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ አስቀረች።

ወሬኛዋ እንቁራሪት ይህን አይታ እየዘለለች ወደ ቆንጢት መጣች።

«የእኅትሽን ቤት አየሽ? አዳራሽ እኮ ነው! አምባዛ ትናንት ሊበላት ደጇ ላይ ሲታገል ውሎ አፍንጫው ተልጦ ተመለሰ።»

«እሰይ፣ ደግ አደረገች» አለች ቆንጢት፤ ከአፏ እንጂ ከሆዷ አልነበረም። እንቁራሪቷ ስትሄድ ጉድጓዷን ዞር ብላ አየችው። እስከ ትናንት የበቃት ቤት ዛሬ ጎኗን ቆረቆራት።

«ታላቅ እኔ፣ ያሳደግኋት እኔ! አዳራሹ ግን ለእሷ!»

ምግብ አስጠላት። ሎሚት ትል ይዛ ልትጠይቃት ብትመጣ እንኳ «ልትኮራብኝ ነው» ብላ ፊቷን አዞረችባት። በማግሥቱ ወደ ጥልቁ ውሃ ወርዳ፣ ከአንድ የዛፍ ሥር ኋላ ተከልላ፣ ያን ትልቁን ዓሣ አምባዛን ጠራችው።

«አያ አምባዛ፣ እኅቴ እኮ መሳቂያ አደረገችህ!»

አምባዛ ረጅም ጢሙን እያወዛወዘ ብቅ አለ። «ምን ላድርግ ብለሽ ነው? ድንጋዩን እንዳልጎትተው እጅ የለኝ።»

«እጅማ እኔ አለኝ። ድንጋዩን አነሳልሃለሁ። ቤቱ ግን የእኔ ነው፤ እኔንም አትነካኝም።»

«ምን በወጣኝ! እንዳንቺ ያለ ወዳጅ ይነካል?»

ረፋዱ ላይ፣ ሎሚት ተኝታ ሳለች፣ ቆንጢት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ፤ የእኅቷ ትንፋሽ አረፋ እየሆነ ከውስጥ ይወጣ ነበር። ግን «አዳራሽ» የሚለው ቃል እንደገና ሆዷን አቃጠለውና ሳበችው። አምባዛ ዘልቆ ገባ። ውሃው ደፈረሰ። ሎሚት አንድ መቆንጠጫዋን አፉ ውስጥ ጥላ በጭንቅ አመለጠች።

ቆንጢት አዳራሹን ወረሰች። ወዲያ ብትል ሰፊ፣ ወዲህ ብትል ሰፊ። ደስ ሊላት ሲገባ ብርድ ብርድ አላት። ደጃፉን ልትደፍን ድንጋይ መጎተት ስትጀምር አምባዛ ፊቷ ተደቅኗል።

«አያ አምባዛ፣ ቃልህስ?»

«ቃሌ አለ፤ ምሳዬ ግን አንድ መቆንጠጫ ብቻ ሆነ። ደጁንም የከፈትሽልኝ አንቺው ነሽ።»

ቆንጢት በሆዱ ሥር ሾልካ ወደ አሮጌው ጉድጓዷ ሮጠች። ከውስጥ ድምፅ ሰማች።

«እትዬ ነሽ? ደጄ እንዴት እንደፈረሰ እንጃ፣ ቤት ባጣ ወደ አንቺ መጣሁ። ቶሎ ግቢ!»

ሎሚት ነበረች። በቀረላት መቆንጠጫ ግድግዳውን እየፋቀች ለታላቋ ቦታ ታሰፋለች። ቆንጢት መግባት እየቻለች ቆመች። ዓይኗ ከተቆረጠው እጅ ላይ አረፈ፤ እግሯ ከደጃፉ አልንቀሳቀስ አላት።

«እትዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብላ ሎሚት እጇን ዘረጋች።

የጨበጠችው ግን ውሃ ብቻ ነበር። አምባዛ ደርሶ ቆንጢትን ወስዷት ነበር።

ከዚህ የምንማረው በቅናት ከሌላው ደጃፍ የምናነሳው ድንጋይ የእኛም መከለያ እንደነበረ፣ የበደልነው ወገን በሩን ቢከፍትልን እንኳ ኀፍረት እንደማያስገባን ነው።